የአርቴሚያ ዋጋ በግራም ወይስ በፍልፈላ?

ለአኳሪየም ዓሣ ጫጩቶች ሕይወት ያለው መኖ የሚሆነው አርቴሚያ የተባለው የጨው ውሃ ሽሪምፕ እንቁላል ደርቆ በቆርቆሮ ታሽጎ በግራም ይሸጣል። ገዢው የሚፈልገው ግን ከዚያ ግራም የሚፈለፈለውን እጭ ነው። ይህን ያላሰላ ሸማች ረከሰልኝ ብሎ የገዛው ዕቃ ከውዱ በልጦ ያስከፍለዋል።

እንቁላሉ በደረቀበት ሁኔታ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። እጩ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ለትናንሽ ዓሦች አፍ ተስማሚ ነው።

የገበያው ዋነኛ ምንጭ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ምርቱ የሚሰበሰበው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ባሉት የፈረንጆች ወራት ሲሆን፣ በሐይቁ የቀረው እንቁላል ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ግዛቱ ስብሰባውን ያስቆማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሐይቁ ከፍታ በታሪኩ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ ወርዶ የውሃው ጨው በመጨመሩ ስለ አቅርቦቱ ስጋት ተፈጥሮ ነበር። ሳይቤሪያ፣ ካዛክስታንና ቻይናም ያቀርባሉ። በፍላጎት በኩል ትልቁ ገዢ የሽሪምፕና የዓሣ እርባታ ድርጅት ነው፤ ጥቂት ግራም የሚፈልገው የአኳሪየም ባለቤትም ከእነዚሁ ጋር ይሻማል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ግራም 250 ሺህ እንቁላል ይይዛል እንበል። ከመቶ 90 የሚፈለፈለው ዕቃ 225 ሺህ እጭ ሲሰጥ፣ ከመቶ 60 የሚፈለፈለው 150 ሺህ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ዋጋው ከመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ በታች ካልሆነ ርካሽ ሊባል አይችልም። ያልተፈለፈለው እንቁላልም ውሃውን ያበላሻል፤ ጫጩቶቹ ከዋጡት ደግሞ አንጀታቸውን ሊዘጋ ይችላል።

ጥሩ ዕቃም በአያያዝ ጉድለት ይከስራል። በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 35 ግራም ጨውና ከ2 ግራም ያልበለጠ እንቁላል ይበቃል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች ከ8 በላይ መሆን አለበት፤ ፒኤቹ ካነሰ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ያስተካክለዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍል ተቆርጦ፣ አፉ ተከድኖ ወደታች ይዘቀዘቃል፤ አየር በቱቦ እስከ ታች ይገባል፤ መብራትም ይበራል። ከተፈለፈለ በኋላ አየሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲቆም ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፤ ያልተፈለፈለው ይዘቅጣል፤ እጩ ብርሃን ወዳለበት ይሰበሰባል። ይህን በቀጭን ቱቦ ስቦ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወዲያው ማብላት ይገባል፤ እጩ በሰዓታት ውስጥ ከእንቁላሉ ይዞት የመጣውን ስንቅ እየጨረሰ ስለሚሄድ የመኖነት ዋጋው ይቀንሳል።

ትልቅ ቆርቆሮ በግራም ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሆኖም እንቁላሉ እርጥበት ስለሚስብ ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ የመፈልፈል አቅሙ ይወርዳል። ጥቂት የሚጠቀም ሰው ትንሹን ገዝቶ፣ በደንብ ከድኖ ደረቁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ለነጋዴው ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ በጅምላ ከመረከቡ በፊት ከናሙናው ቆንጥሮ መፈልፈል፣ የተፈለፈለውንና ያልተፈለፈለውን በአጉሊ መነጽር መቁጠር፣ ዋጋውንም በዚያው ቁጥር መደራደር ነው።