«ልጄ ዲጄ ልሁን ይላል»፦ ሙዚቃ ማጫወት ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ስላስነሣ አንድ ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ከሚሠሩበት የጽዳት ሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጡ። የ17 ዓመት ልጃቸው እዚያው ኢንዱስትሪ ዞን ባለ አንድ የሠርግ አዳራሽ ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው እየረዳ፣ ቤቱ የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ገንዘቡን በእጁ ይሰጡታል፤ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። አባቱ «አገር አቋርጠን የመጣነው አዝማሪ ልናሳድግ ነው ወይ?» ብለው ተቆጥተዋል። እናቱ ግን «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ የዚህ ነገር መጨረሻው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሱ ግን ባንድ ቃል አያልቅም።

በመጀመሪያ ዲጄ ማለት ምን ማለት ነው? በዕብራይስጥ «ታክሊታን» ይሉታል። «ታክሊት» እኛ ሸክላ የምንለው ነው። ስለዚህ ታክሊታን ማለት ሸክላ የሚያጫውት ሰው ነው። ራሱ አይዘፍንም፤ የትኛው ዘፈን መቼ እንደሚገባ፣ ሕዝቡ በምን እንደሚነሣና በምን እንደሚቀመጥ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ገበያ አለው። በለንደን ፒት ቶንግ የሚባል ሰው በወጣትነቱ በጭፈራ ቤቶች ሙዚቃ ያጫውት ነበር። በ1980ዎቹ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ የሚታተመውን የዳንስ ሙዚቃ የሚመርጥ ኃላፊ ሆነ፤ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ በቢቢሲ ሬዲዮ ታወቀ። ጆሮው ከአዳራሽ ወደ ቢሮ አሻገረው ማለት ነው።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የምትሉ ካላችሁ ከአገራችን አንድ ሰው ልጥቀስ። አቶ አምሃ እሸቴ ይባላሉ። ዲጄ አልነበሩም፤ ዘፋኝም አልነበሩም። ሥራቸውን የጀመሩት አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሸክላ በሚሸጥበት ሱቅ ነው። እንደ ዲጄ ሁሉ ወጣቱ በምን እንደሚጨፍር ከሱቃቸው ሆነው ያዩ ነበር። በጊዜው ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ መንግሥት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ግን የወጣቱን ዘመናዊ ሙዚቃ አላሳተመም። አቶ አምሃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ፣ የሚመጣው ይምጣ ብለው በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ይዘፍን የነበረውን የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» አስቀርጸው በሕንድ አገር አሳተሙ። ሸክላው ተወደደ፤ «አምሃ ሪከርድስ» የተባለው ድርጅትም በዚህ ተጀመረ።

የአሳታሚ ሥራ እንዲህ ነው፦ ዘፋኙን ይመርጣል፤ ለዘፋኙ፣ ለአቀናባሪውና ለተጫዋቾቹ ይከፍላል፤ ያስቀርጻል፤ ያሳትማል፤ ለሱቆች ያከፋፍላል። አንድ ሸክላ ሳይሸጥ ገንዘቡ ሁሉ ከኪሱ ወጥቷል። ካልተሸጠ ኪሳራው የእሱ ነው። ከተሸጠ ደግሞ ትርፉ ይገባዋል፤ ዋናው ቴፕም በእጁ ይቀራል። አቶ አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አሳትመዋል። ከእነዚህ መካከል የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይገኙበታል።

ከዚያ በኋላ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ሙዚቃ ተዳከመ። አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። እንደ እኛ እሳቸውም የስደትን ኑሮ ያውቁታል። ነገር ግን ሥራቸው አልሞተም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት የአምሃን ሸክላዎች ከእሳቸው ጋር ተስማምቶ እንደገና አወጣቸው። በ2005 የሙላቱ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ ኢትዮጵያን የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰማው። ሸክላዎቹ ከታተሙ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! አቶ አምሃ በ2021 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የጭፈራው ሌሊት ያልፋል፤ የሚቀረው የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ነው። በሙዚቃ ሥራ የተከበረና የተጎዳ ሰው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በድምፁ ሳይሆን በወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ለእኚያ እናት የነገርኳቸውን ለእናንተም እነግራለሁ።

አንደኛ፣ በ1953 በወጣው የወጣቶች ሥራ ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ ልዩ ፈቃድ በሌሊት ማሠራት ክልክል ነው። ልጁ ቢወድም፣ እናንተ ብትፈቅዱም ክልክል ነው።

ሁለተኛ፣ ለወጣትም ቢሆን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አለ፤ አሠሪው «ትሉሽ» ማለትም የደመወዝ ወረቀት መስጠት ግዴታው ነው። ትሉሽ ከሌለ ነገ ጉዳት ቢደርስበት እዚያ መሥራቱን ማስረዳት ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ የራሱን ሙዚቃ ከፈጠረ በማያነበው ውል ላይ አይፈርም፤ እናንተም አትፈርሙለት። በእስራኤል ከ1936 ጀምሮ የሚሠራ «አኩም» የሚባል የደራሲዎችና የዜማ ፈጣሪዎች ማኅበር አለ። ዜማ በአዳራሽ ወይም በሬዲዮ ሲጫወት ክፍያ ሰብስቦ ለአባላቱ ይሰጣል።

አራተኛ፣ አድጎ በራሱ ስም መሥራት ሲጀምር በግብር መሥሪያ ቤትና በቢቱዋህ ሌኡሚ መመዝገብ አለበት።

እናትየው ሰምተው ከጨረሱ በኋላ «እንግዲያስ አባቱን ምን ልበለው?» አሉኝ። እኔም «አዝማሪነት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልጅን ያለ ወረቀት በሌሊት ማሠራት ነው ብለሻል በሉኝ» አልኳቸው። ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት አባትና ልጅ አብረው መጡ። ልጁ የአዳራሹን ሥራ ለጊዜው ትቶ ትምህርቱን ሊጨርስ፣ አባትም የማጫወቻውን መሣሪያ ቤት ውስጥ እንዲያስቀምጥ ሊፈቅዱ ተስማሙ። አባት ሲወጡ ቀስ ብለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የዓለማየሁ ሸክላ እዚህ አገር ይገኛል ወይ?»