አባሪው ያለው ደብዳቤው ውስጥ ነው

ኢሜይላቸውን እንደ ተንደርበርድና አውትሉክ ባሉ ኮምፒውተር ላይ በሚጫኑ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ሰዎች፣ ዓመታት ሲያልፉ ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ፕሮግራሙ ለመከፈት ይንቀራፈፋል፤ ዲስኩ ይሞላል፤ የቆዩ መልእክቶች ቢሰረዙም የተለቀቀ ቦታ አይታይም። ምክንያቱ አባሪ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። አባሪው ስክሪን ላይ ሲታይ ከመልእክቱ ግርጌ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ፋይል ይመስላል። እውነቱ ግን ወደ ጽሑፍ ተለውጦ እዚያው መልእክቱ ውስጥ ተጽፏል።

እንዲህ የሆነው ኢሜይል ሲጀመር ለፋይል ስላልታሰበ ነው። መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዝበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ፣ የታሰበው በላቲን ፊደል ለሚጻፍ ተራ ጽሑፍ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት በ7 ቢት ይወከላል፤ አንድ መስመርም ከ1000 ምልክት አይበልጥም። ፎቶና ድምፅ ግን የ8 ቢት ባይቶች ስብስብ ስለሆኑ በዚያ መንገድ እንዳሉ ቢላኩ ይበላሻሉ።

ለዚህ መላ ያበጁት ናታኒየል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ናቸው። ያዘጋጁት ማይም የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በጁን 1992 ይፋ ሆነ። ቦረንስታይን ቀደም ብሎ፣ ማርች 11 ቀን፣ እሱ ራሱ የሚዘፍንበትን የአራት ሰዎች የሙዚቃ ቡድን ፎቶና ዘፈን በኢሜይል አባሪ አድርጎ ልኮ ነበር።

ማይም ነባሩን መንገድ አልቀየረም፤ ፋይሉ በዚያው እንዲያልፍ መልኩን ለወጠው እንጂ። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ቤዝ 64 ይባላል። ፕሮግራሙ ከፋይሉ 3 ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ወስዶ ባለ 6 ቢት 4 ክፍሎች ያደርገዋል። 6 ቢት 64 የተለያዩ ዋጋዎችን መያዝ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ከ64 ምልክቶች አንዱ ይሰጠዋል፤ እነሱም 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ 10 አኃዞች፣ የመደመርና የእዝባር ምልክቶች ናቸው። ተቀባዩ ዘንድ ያለው ፕሮግራም ይህን ወደ ኋላ መልሶ ፋይሉን እንደነበረ ያቆመዋል።

ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። 3 ባይት 4 ምልክት ስለሚሆን ፋይሉ በአንድ ሦስተኛ ያድጋል፤ በየ76 ምልክቱ የሚገባው የመስመር መጨረሻ ሲታከል ጭማሪው 37 በመቶ ገደማ ይደርሳል። መልእክት ከ25 ሜጋባይት እንዳይበልጥ በሚከለክል ሰርቨር በኩል 20 ሜጋባይት ፋይል ሲልኩ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ በጉዞ ላይ ከ27 ሜጋባይት በላይ ሆኗል። በተግባር የሚያልፈው እስከ 18 ሜጋባይት ያለው ነው።

የተላከው ደግሞ መቀመጫ ይፈልጋል። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የአንድን ፎልደር መልእክቶች በሙሉ፣ ከነአባሪዎቻቸው፣ ተከታትለው በተጻፉበት አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ያኖራቸዋል። ይህ ፋይል እንደተጠረዘ መዝገብ ነው፤ ገጹ ላይ ቢሰርዙበትም መዝገቡ አይሳሳም። መልእክት ሲሰረዝ ፕሮግራሙ የተሰረዘ መሆኑን ምልክት ያደርግበትና ቅጂውን የተሰረዙ መልእክቶች ወደሚጠራቀሙበት ፎልደር ይወስደዋል፤ ስለዚህ ለጊዜው ቦታው ጭራሽ ይጠባል። ቦታው የሚለቀቀው የተሰረዙት ፎልደር ባዶ ሲደረግና ፎልደሮቹን የማጠጋጋት ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። ያኔ ፕሮግራሙ የቀሩትን መልእክቶች ብቻ ይዞ ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ሥራው ሳያልቅ ፕሮግራሙን መዝጋት አይገባም፤ አስቀድሞ ቅጂ መያዝም ብልህነት ነው።

ሁሉም በአንድ ፋይል መኖሩ ሌላም አደጋ አለው። ጸረ ቫይረስ ፕሮግራም አንድ የተበከለ አባሪ ሲያገኝ ያንን መልእክት ለይቶ ማውጣት ካልቻለ፣ ፎልደሩን በሙሉ ሊያግደው ይችላል። በአውትሉክም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2003 በፊት በነበሩት ዝርያዎች የመልእክት ማከማቻው ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር፤ ወሰኑን ሲደርስ የተበላሸ ብዙ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መልእክቶቹን በመጠን መደርደር ነው፤ ብዙውን ቦታ የሚይዙት ጥቂት ከባድ አባሪዎች ሆነው ይገኛሉ። ከዚያ በተንደርበርድ ምርጫው ሦስት ነው። ማስቀመጥ ፋይሉን ወደ ዲስክ ይቀዳል እንጂ ከመልእክቱ አያወጣውም፤ እንዲያውም አንዱ ፋይል ሁለት ይሆናል። ነጥሎ ማውጣት ፋይሉን ወደ ዲስክ ካወጣ በኋላ ከመልእክቱ ያስወግደዋል፤ በቦታው የሚቀረው ፋይሉ ያለበትን የሚያመለክት ሊንክ ነው። ፋይሉ ኋላ ከቦታው ከተነሣ ግን ሊንኩ አይሠራም። ሦስተኛው አባሪውን ጨርሶ መሰረዝ ነው።

ነጥሎ ማውጣትንና መሰረዝን ከመምረጥ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። አካውንቱ አይማፕ በተባለው አሠራር ከሰርቨር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ አባሪ የሌለውን አዲስ ቅጂ ወደ ሰርቨሩ ጭኖ የቀድሞውን ያጠፋዋል። አባሪው ከስልክም ከሌላ ኮምፒውተርም ይጠፋል ማለት ነው። በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ መልእክትም አባሪው ሲነካ ፊርማው ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ውልና የሒሳብ ሰነድ የያዘ መልእክት ሳይነካ ቢቀመጥ ይመረጣል።

አባሪን ከመልእክቱ ላይ ከፍቶ ማረምም ሥራ ያስጠፋል። የሚከፈተው ጊዜያዊ ቅጂ ነው፤ እርማቱ እዚያው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ መልእክቱ ውስጥ ያለው አይለወጥም። አስቀድሞ ሰነዶች ወደሚገኙበት ፎልደር ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማረም ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የፋይል ስምም ጉዳይ አለው። በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስሙ ለኢሜይል ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ከተጻፈ፣ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ 20 ፊደል ያለው ስም 180 ምልክት ደርሶ በየመስመሩ ይቆራረጣል። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች መልሰው ይገጣጥሙታል፤ አሮጌዎቹ ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ያሳያሉ። ለማይታወቅ ተቀባይ ሲላክ ስሙን ማሳጠር ይጠቅማል።

የስሙ መጨረሻም፣ ማለትም ቅጥያው፣ በደንብ ይታይ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ዓለምን ያመሰው የፍቅር ደብዳቤ መሰል ቫይረስ የተሰራጨው፣ ዊንዶውስ የፋይሉን እውነተኛ ቅጥያ ስለሚደብቅ አባሪው ተራ ጽሑፍ መስሎ በመታየቱ ነው። የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ኮምፒውተርዎን ያስተካክሉ፤ ከባድ ፋይል ከሆነ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው ሊንኩን ብቻ ይላኩ፤ በየወሩ ደግሞ ትልልቆቹን አባሪዎች ለይተው ፎልደሮቹን ያጠጋጉ።