ካሪንያን፦ ተነቅሎ ያላለቀው ወይን

የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ሲነሳ ቦርዶና ቡርጎኝ ቀድመው ይጠራሉ። ደቡቦቹ ላንግዶክና ሩሲዮን ለረጅም ዘመን የሚታወቁት በብዛት እንጂ በጣዕም አልነበረም። ለዚህም ዋናው ተወቃሽ ካሪንያን የተባለው ጥቁር ወይን ነው።

ዘሩ የመጣው ከስፔን ነው። ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ የፀደይ ውርጭ ብዙም አያገኘውም። ለም ሜዳ ላይ ሲተከል ከአንድ ሄክታር እስከ 200 ሄክቶሊትር፣ ማለትም 20 ሺህ ሊትር ይሰጣል። ገበሬ ይህን እያየ እንዴት ይተወው? ያን ያህል ሲሸከም ግን ጠጁ ይቀጥናል፤ ኮምጣጣነቱና አፍ የሚያደርቀው ታኒኑ ብቻ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበሬው ወይኑን እንዲነቅል ከአውሮፓ ካዝና ገንዘብ ተከፈለው፤ ካሪንያንም በሰፊው ተነቀለ።

እኔ ጥፋቱን የማየው በዘሩ ሳይሆን በሜዳው ላይ ነው። በዚያው ደቡብ፣ በፎዤርና በሞሪ ኮረብቶች፣ አፈሩ ሺስት በሚባል ንብርብር ድንጋይ በተሞላበት፣ ከነቀላው የተረፉ ያረጁ ካሪንያኖች አሉ። ሽቦ አልተዘረጋላቸውም፤ አጭር፣ ጠማማ ግንዳቸው ቅርንጫፎቹን እንደ ዋንጫ ከፍቶ ይቆማል። ዘለላው ከእንጨቱ ጋር ስለሚጣበቅ ለመልቀሚያ ማሽን አይመችም፤ በእጅ ይለቀማል። ምርቱ ጥቂት ነው፤ ታዲያ ያ ጎምዛዛ ጠባይ እዚህ ሲደርስ በሐሩር አገር በቀላሉ የማይገኝ ትኩስነት ይሆናል።

ታኒኑን ለማለዘብ ብዙዎች ዘለላውን ሳይጨምቁ፣ እንዳለ በካርቦን ዳይኦክሳይድ በተሞላ ጋን ይከቱታል። መፍላቱ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይጀምራል፤ ቀለሙ ሲወጣ ምሬቱ በአብዛኛው ወደኋላ ይቀራል።

ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ጥቁር እንጆሪ ይሸታል፤ ከስሩ ደግሞ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል። ሁለቱም በዚያ አገር ቁጥቋጦ መሃል በየሜዳው የሚበቅሉ ናቸው። በግ ጥብስ ላይ የጥብስ ቅጠል ለሚጥል ሰው ለዚህ ጠጅ የትኛው ምግብ እንደሚስማማው መንገር አያስፈልግም።

ፈላጊው የጠርሙሱን ጽሑፍ ያስተውል። የላንግዶክ ታዋቂ መጠሪያዎች ሕግ በአመዛኙ ካሪንያንን ከሌላ ዘር ጋር መቀላቀልን ስለሚያዝ፣ ንጹሑ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ዝቅ ባለው «ኢዤፔ» (የአካባቢ መጠሪያ) ማዕረግ ነው። «ቪዬይ ቪኝ»፣ ያረጀ ተክል፣ የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ ዕድሜ የለውም፤ ዕድሜውን በቁጥር የጻፈውን እመርጣለሁ። ከመጠጣት በፊት ጥቂት ማቀዝቀዝ፣ ከፍቶም ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው።