የገጽ ክልሎችና ስያሜያቸው፦ የድር መዝገበ ቃላትን አወቃቀር በቋንቋ አጥኚ ዐይን

1. መግቢያ

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላትና የጽሑፍ ክምችቶች ከወረቀት ወደ ድር መተግበሪያ እየተሸጋገሩ ነው። ይዘቱን የሚያዘጋጀው የቋንቋ አጥኚው ሲሆን የገጹ አወቃቀር ግን ብዙውን ጊዜ ለፕሮግራም ሠሪው ብቻ ይተዋል። ይህ ጽሑፍ የገጹን ክልሎች መከፋፈልና መሰየም የቋንቋ አጥኚው ጭምር ሥራ መሆኑን ያብራራል። ነገሩ የገጽ ውበት ጉዳይ አይደለም። ዐይነ ስውር የሆነ ተመራማሪ ወይም ተማሪ በመዝገቡ ሊጠቀም መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው በዚህ ነው።

2. የገጽ ክልል ምንነት

የሚያይ አንባቢ ገጹ እንደተከፈተ የትኛው ማውጫ፣ የትኛው ዋና ይዘት፣ የትኛው የጎን ማብራሪያ እንደሆነ ከአቀማመጡ ይረዳል። ማያ ገጽ አንባቢ የሚባለው ሶፍትዌር ግን አቀማመጡን አያይም፤ የሚከተለው ኮዱ የተጻፈበትን ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ በዐይን ብቻ የሚታየው ክፍፍል በኮዱ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ለዚህ የሚያገለግለው ደንብ የዓለም አቀፉ የድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀው አሪያ የተባለው መስፈርት ነው። መስፈርቱ ዛሬ ባለው መልኩ ስምንት ዐይነት ዐቢይ ክልሎችን ይለያል፦ ራስጌ፣ ዳሰሳ፣ ዋና ይዘት፣ ተጓዳኝ፣ ፍለጋ፣ ቅጽ፣ ግርጌና ጠቅላላ ክልል። በዚያው ዓመት የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ደግሞ ለአብዛኞቹ የራሳቸውን መለያ ሰጥቷል፤ «ናቭ» ለዳሰሳ፣ «ሜይን» ለዋና ይዘት፣ «አሳይድ» ለተጓዳኝ ይውላሉ። ክልሎቹ በትክክል ከተመለከቱ የማያ ገጽ አንባቢው ተጠቃሚ በአንድ ቁልፍ ከክልል ወደ ክልል ይዘላል፤ ወይም የክልሎቹን ዝርዝር አስወጥቶ የፈለገውን ይመርጣል።

3. የፊደል ማውጫ ችግር

የአንድ አማርኛ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ እናስብ። ከላይ የመዝገቡ ስምና የፍለጋ ሣጥን፣ ከሥሩ የፊደል ማውጫ፣ መካከል ላይ የቃሉ ፍቺ፣ በጎን የሰዋስው ማስታወሻ አለ። የላቲን ፊደል ለሚጠቀም ቋንቋ የሚዘጋጅ የፊደል ማውጫ ከ26 ብዙም ያልራቁ አገናኞች ይበቁታል። በእኛ ፊደል ግን ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 33 ፊደላት በሰባት እርባታ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለግእዝ እንኳ 26 በ7 ሲባዛ 182 ነው። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ አገናኝ ቢሆንና ማለፊያ ባይኖር፣ በታብ ቁልፍ ብቻ የሚጓዝ ተጠቃሚ ፍቺው ዘንድ ለመድረስ 231 ጊዜ መጫን ይኖርበታል። አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥርም ድካሙ ይደገማል።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ማውጫው በዳሰሳ ክልል፣ ፍቺው በዋና ይዘት ክልል ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በገጹ መጀመሪያ ላይ «ወደ ፍቺው እለፍ» የሚል አገናኝ ይኑር፤ የሚደጋገምን ክፍል ማለፊያ መንገድ ማዘጋጀት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በድር ይዘት ተደራሽነት መመሪያ በዝቅተኛው ደረጃ እንኳ የሚጠየቅ ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ማውጫው ራሱ የፊደሉን ሥርዓት ይከተል፤ በመጀመሪያ 33ቱ የግእዝ ቅርጾች ብቻ ይቅረቡ፣ አንዱ ሲመረጥ ሰባቱ እርባታዎች ይከፈቱ። ይህን ሦስተኛውን ደረጃ ፕሮግራም ሠሪው ብቻውን አያገኘውም፤ ፊደሉን የሚያውቅ ባለሙያ ሊነግረው ይገባል።

4. ሁለት ተራ፣ ሁለት ማውጫ

የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) የተደራጁት በአበገደ ተራ ነው። አብዛኛው አንባቢ የለመደው ግን ሀለሐመን ነው። የእነዚህን ሥራዎች ይዘት የሚጠቀም መተግበሪያ ሁለቱንም ተራዎች ቢያቀርብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት የዳሰሳ ክልሎች ያለ ስም ከተቀመጡ ሰሚው «ዳሰሳ»፣ «ዳሰሳ» ከማለት በቀር የሚሰማው የለም። አንድ ዐይነት ክልል ከአንድ ጊዜ በላይ ሲመጣ እያንዳንዱ የየራሱ ስያሜ እንዲኖረው የሚመከረው ለዚህ ነው።

5. ስያሜና የስማዊ ሐረግ ሥርዓት

የቋንቋ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ማያ ገጽ አንባቢዎች በተለምዶ መጀመሪያ አዘጋጁ የሰጠውን ስም፣ ቀጥሎ የክልሉን ዐይነት ያሰማሉ። ይህ ቅደም ተከተል ከእንግሊዝኛ ስማዊ ሐረግ ጋር ይስማማል። ከአማርኛም ጋር ይስማማል፤ ገላጩ መሪውን ስም ስለሚቀድም «የአበገደ ተራ» የሚለው ስም «ዳሰሳ» ሲከተለው ሙሉ ሐረግ ይሆናል። በኦሮምኛና በስዋሂሊ ግን መሪው ስም ይቀድማል። «መነ በሩምሳ» (ትምህርት ቤት) የሚለው የኦሮምኛ ሐረግ «ቤት» በሚለው ይጀምራል። በስዋሂሊው «ኪታቡ ቻ ምዋሊሙ» (የመምህር መጽሐፍ) ደግሞ አያያዡ «ቻ» ከመሪው ስም ምድብ ጋር ይስማማል። የክልሉን ዐይነት የሚጠራው ቃል የሚመጣው ከገጹ ሳይሆን ከማያ ገጽ አንባቢው ስለሆነ፣ የገጹ አዘጋጅ ከማይቆጣጠረው ቃል ጋር ስምምነት ሊፈጥር አይችልም።

አማርኛውም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አያስተማምንም። ማያ ገጽ አንባቢው በእንግሊዝኛ ከተዋቀረ ከአማርኛው ስም ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰማል፤ «የአበገደ» ተብሎ በ«የ» ብቻ የተንጠለጠለ ስያሜም መሪ ስም አልባ ይቀራል። ስለዚህ ለአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የሚያገለግለው መርሕ ይህ ነው፦ የክልል ስያሜ በራሱ የቆመ ስማዊ ሐረግ ይሁን፤ ከበፊቱም ከኋላውም ሌላ ቃል አይጠብቅ። «አበገደ ተራ»፣ «ሀለሐመ ተራ»፣ «የሰዋስው ማስታወሻ» የመሳሰሉት ይህን ያሟላሉ። የክልሉን ዐይነት በስያሜው ውስጥ መድገምም አያስፈልግም፤ «ዳሰሳ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ከገባ ሁለት ጊዜ ይሰማል። በተቻለ መጠን ስያሜው በገጹ ላይ ከሚታየው ርእስ ቢወሰድ፣ የሚያየውም የሚሰማውም ተጠቃሚ ክልሉን በአንድ ስም ይጠሩታል።

6. የቋንቋ መለያ

ስያሜው ቢያምር እንኳ ቋንቋው በኮዱ ካልተመለከተ ድምፁ ይበላሻል። የገጹ አጠቃላይ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቦ በውስጡ የአማርኛ ስያሜ ቢቀመጥ፣ አንባቢው ድምፅ ፊደሉን ሊዘልለው ወይም አለቦታው ሊያነብበው ይችላል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንግግር ሶፍትዌር አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ስዋሂሊን ያውቃል፤ የትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚነግረው ግን የቋንቋ መለያው ነው። በብዙ ቋንቋ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ መነሻ ቃል፣ ፍቺና የክልል ስያሜ የየራሱ መለያ ያስፈልገዋል።

7. ማጠቃለያ

ክልሎችን ማብዛት ችግሩን አይፈታውም፤ ሁሉም ነገር ክልል ከሆነ ዝርዝሩ እንደገና ጫካ ይሆናል። አንድ ዋና ይዘት፣ የተሰየሙ ጥቂት ዳሰሳዎች፣ ፍለጋና ተጓዳኝ ማስታወሻ ለአብዛኛው መዝገብ ይበቃሉ። የቋንቋ አጥኚው ከፕሮግራም ሠሪው ጋር ሲቀመጥ የመነሻ ቃላቱን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የክልሎቹን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ስያሜና የቋንቋ መለያ አዘጋጅቶ ቢያቀርብ ሥራው ከመነሻው ይቃናል። ከዚያም ገጹ ሳይታይ በማያ ገጽ አንባቢ ብቻ ይሞከር። አንድ ቃል ፈልጎ ፍቺው ዘንድ መድረስ ካልተቻለ፣ መዝገቡ ገና አላለቀም ማለት ነው።