ቀለም መርጫ ማሽን፦ ትርፉ ለማን ነው?

ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳ ሲደርቅ ቤት የማስቀባት ወቅት ይገባል። ቀቢ የሚያነጋግር ባለቤት ታዲያ ዛሬ ዛሬ የሚቀርብለት አማራጭ ሁለት ነው፤ በሮለር ወይስ በማሽን? በማሽን የሚሠራው ቀቢ ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ በሁለትና በሦስት ቀን እንደሚጨርስ ይናገራል። ስለ ፍጥነቱ ክርክር የለም። አከራካሪው ከፍጥነቱ የሚገኘው ትርፍ የሚገባው በማን ኪስ ነው የሚለው ነው።

መርጫ ማሽን ቀለሙን ወደ ደቃቅ ጭጋግ ይለውጠዋል። ጭጋጉ ግን ሁሉም ግድግዳው ላይ አያርፍም፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉ መሬት ላይ ይቀራል፣ ከፊሉም የጎረቤት መኪና ላይ ያርፋል። ጉዳዩን በቁጥር ለማየት 10 በ12 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 44 ሜትር፣ ከፍታው 6 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 264 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 40 ካሬ ሲቀነስ 224 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 448 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ተብሎ ቢሰላ፣ ግድግዳው የሚፈልገው 45 ሊትር ገደማ ነው። ከሚረጨው ውስጥ አንድ አራተኛው ቢባክን ደግሞ መገዛት ያለበት 60 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ 15 ሊትር፣ ማለትም አራት ጋሎን ያህል ነው። በሮለርም የሚንጠባጠብ አይጠፋም፤ ከዚህ ጋር ግን አይወዳደርም።

ብዙ ጊዜ ውሉ የሚፈረመው የእጅ ዋጋ ተብሎ ነው። ቀለሙን ባለቤቱ ይገዛል፣ ቀቢው በካሬ ሜትር ይከፈለዋል። በዚህ ውል ማሽኑ የሚቆጥበው የቀቢውን ቀን ሲሆን የሚያባክነው የባለቤቱን ቀለም ነው። የካሬ ሜትሩ ዋጋ ከሮለሩ ዋጋ ካልቀነሰ ባለቤቱ ለፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። መውጫው አስቸጋሪ አይደለም፤ ወይ ቀለሙንም ቀቢው ችሎ እንዲዋዋል ማድረግ፣ አለዚያም ለሥራው የሚወጣውን ቀለም ጣሪያ በውሉ ላይ ማስፈር ነው። ጣሪያ ሲኖር ግን ቀቢው ውኃ እንዳያበዛበት ያስፈልጋል። ቆርቆሮው ላይ አምራቹ ከጻፈው መጠን በላይ የቀጠነ ቀለም ሲረጭ ያምራል፤ ግድግዳውን ግን በሚገባ አይሸፍንም፣ ቶሎም ይደበዝዛል።

በገበያው የሚገኙት መርጫዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በእጅ የሚያዘው አነስተኛ የኤሌክትሪክ መርጫ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙዎች በእሱ ይሳባሉ። የቀለም መያዣው አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስት ሩብ ሊትር ቢይዝ፣ ከላይ ለተጠቀሰው ቤት 80 ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል፤ ወፍራም ፕላስቲክ ቀለምም ሳይቀጥን አይወጣለትም። ለብረት በር፣ ለመስኮት ፍርግርግና ለአጥር ግን ደህና ዕቃ ነው።

ሁለተኛው በየጋራዡ የሚታየው ኮምፕረሰርና መርጫ ነው። ለመኪና አካል የተመቸ ቢሆንም፣ ለሰፊ ግድግዳ አየሩ ቀለሙን ስለሚበትነው ከግማሽ በላይ የሚባክንበት ጊዜ አለ። የኮምፕረሰሩ እውነተኛ ቦታ ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ አሸዋ መሰል ፍሬ ስላለው ሰፊ አፍ ያለው ልዩ መርጫ ይፈልጋል፤ በጠባብ ቀዳዳ ልርጭህ ቢሉት ይደፍነዋል፣ ቀዳዳውንም ይበላዋል።

ሦስተኛው ኤርለስ የሚባለው ፓምፕ ነው። ያለ አየር፣ ቀለሙን ራሱን እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋዋል፤ በቀጥታ ከባልዲ ስለሚስብም መሙላት የሚባል ጣጣ የለበትም። ለቤት ውጭ ግድግዳ የሚመረጠው ይኸው ነው። ሲገዛ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ኖዝሉ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል። ለምሳሌ 517 ቢል፣ 5 በሁለት ሲባዛ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ርጭቱ 10 ኢንች ያህል እንደሚሰፋ ያመለክታል፤ 17 ደግሞ ቀዳዳው 0.017 ኢንች መሆኑን ይነግራል። ለውጭ ፕላስቲክ ቀለም ከ15 እስከ 19 ያለው ይመቻል። ማሽኑ የሚችለው ትልቁ ቀዳዳ 15 ብቻ ከሆነ ግን መተው ይሻላል። ኖዝል በሥራ ብዛት እየሰፋ ስለሚሄድ፣ አቅሙ ጫፍ ላይ ያለ ማሽን ብዙም ሳይቆይ ግፊት ያንሰዋል፤ በርጭቱ ዳርና ዳርም ወፍራም መስመር እየተወ ግድግዳውን ያዥጎረጉረዋል።

ኤርለስም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አዲስ ልስን ቀለም ይጠጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅብ እንደተረጨ ሌላ ሠራተኛ በሮለር እየተከተለ ሊያስገባው ይገባል። መስኮትና ወለል መሸፈኑም ራሱን የቻለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት መርጨት የተሻለ ነው።

ገዝቶ ለሚሠራበት ተቋራጭ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህ ከውጭ የሚመጣውን ማሽንም ሆነ መለዋወጫውን ይነካል። በዓመት ሦስት አራት ቤት ለሚቀባ ሰው ከመግዛት ኪራይ ይቀላል። በየወሩ ሥራ ላለው ደግሞ የሚቆጥበው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ማሽኑን በጊዜ ሊመልስለት ይችላል፤ የፓምፕ ጎሚኒና ኖዝል በቅርብ እስከተገኘ ድረስ።

ብዙ ሻጭ የማይነግረው አደጋም አለ። የኤርለስ ግፊት ቀለምን በቆዳ ውስጥ ያስገባል። ጣት ላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ነው። ውስጥ የገባው ቀለም ግን ሥጋውን ይገድለዋል፣ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተገኘም ጣት እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። በፕላስተር አሽጎ ሥራ መቀጠል አይገባም፤ የቀለሙን ዓይነት ይዞ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። የተደፈነ ኖዝል የሚጸዳውም ማሽኑ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ከወጣና የመተኮሻው ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ገዢው ከሱቁ ሳይወጣ ማሽኑን በንጹሕ ውኃ አስነስቶ ቢፈትነው መልካም ነው። የመተኮሻው ምላስ ሲለቀቅ ፓምፑ ግፊቱን ይዞ መቆም አለበት፤ ማንም ሳይነካው እየደጋገመ የሚነሳ ፓምፕ የሚያፈስበት ቦታ አለው።