ሙቀቱና የዕለቱ ገቢ

ሰኔ 2017 ዓ.ም ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የሥራ ጉባኤ በአፕ ትእዛዝ እየተቀበሉ ለሚሠሩ ሰዎች አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰነ። ወር ሳይሞላ ጣሊያን ውስጥ ምግብ የሚያደርሰው ግሎቮ ለሞተረኞቹና ለብስክሌተኞቹ የሙቀት ጉርሻ አቀረበ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ 8 በመቶ ጭማሪ። የሠራተኛ ማኅበራት ተቆጡ፤ ኩባንያው ጉርሻውን አነሳ። ማኅበራቱ ልክ ነበሩ። ጉርሻው የታሰበው ጥላ ሥር ለሚያርፈው ሳይሆን ፀሐይ አናቱን እያቃጠለችው ለሚሮጠው ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥም ምግብ የሚያደርሱ ዴሊቨር አዲስና ቢዩ ዴሊቨሪ አሉ፤ ከተማዋ ደጋ ስለሆነች ሙቀት ዋና ጭንቀታቸው አይደለም። ወላይታ ግን ደጋም ቆላም ናት። ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አባያ ሐይቅ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ ጠዋት ጃኬት ለብሶ ከሶዶ የተነሣ ባለሞተር በሁምቦ በኩል ቆላ ሲወርድ 5 ዲግሪ ያህል ይጨመርበታል። የበልግ ዝናብ ሳይገባ፣ በየካቲት፣ ይብሳል።

ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። ሞተሩ ሲሮጥ ነፋሱ ያግዛል። ዕቃ ሲያወርድና ደንበኛ ሲጠብቅ ግን ነፋሱ ይቀራል፤ ከታች የሞተሩ ግለት፣ ከላይ ሄልሜቱ ያፍነዋል። ባጃጅ ሸራ አላት፤ ወንበር ሥር የተወሸቀው የሃይላንድ ውኃ ግን ቀትር ላይ ሞቆ ነው የሚገኘው። ውኃ ሳይጠጡ በሙቀት መዋል ኩላሊት ይጎዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በራሱ ኃላፊነት አገልግሎት እየሰጠ ክፍያ የሚቀበለውን ግን አይሸፍንም። ክርክሩ ሁሉ ሾፌሩ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚለው ላይ ነው። ባጃጇ የሰው ከሆነች ሾፌሩ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር ጋደም ስላለ ገቢው አይቀነስለትም። ኳታር በ2013 ዓ.ም በበጋ ወራቷ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ መሥራትን ከልክላለች። እንዲህ ያለ ክልከላ ብቻውን ቢመጣ የሶዶውን ሾፌር ባለዕዳ ያደርገዋል። የባጃጅ ማኅበራትና ባለንብረቶች በየካቲትና በመጋቢት ለቆላው መስመር የቀትሩን ሁለት ሰዓት ከገቢው ላይ ለመቀነስ ቢስማሙ፣ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።