ማሽኑ ሳይሆን ውሃው ነው፦ ልብስ ማጠቢያ ውሃ አልገባ፣ አልወጣ ሲል

ሲሬ ውስጥ ቤታችሁ የቆየ ነው? ቧንቧው ግቢ ውስጥ፣ ሮቶው ቆጥ ላይ? እንግዲያው የልብስ ማጠቢያ ማሽናችሁ ድምፅ እያሰማ ውሃ አልገባ ሲል ወዲያው «ተቃጠለ» አትበሉ። ጭናችሁ ነቀምቴ ከመውሰዳችሁ፣ የጭነትና የጥገና ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ 👇

🔹 ውሃ አልገባ ሲል (ኤልጂ ላይ «አይ ኢ» የሚለው ምልክት)

ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቧንቧውን ዝጉ። ጎማውን ከማሽኑ ፍቱና ባልዲ ውስጥ ክፈቱት።

ውሃው በደንብ ከወረደ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጎማው የሚታሰርበት ጋ ያለችው ትንሽ ወንፊት ናት። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ደለል እዚያ ይጠራቀማል። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አውጧት፣ በጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ለወደፊቱም ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የደፈረሰውን መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ አውርዱት።

ውሃው ደካማ ከሆነ ግን ችግሩ ግፊት ነው። የማሽኑን ቫልቭ መብራት ብቻውን አይከፍተውም፤ ውስጡ ያለውን ላስቲክ የሚያነሳው ውሃው ራሱ ነው። ብዙ አውቶማቲክ ማሽኖች በትንሹ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ 1 ባር። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ ስለዚህ 0.3 ባር ነው። ሙሉ ቢሆንም አይበቃም!

መፍትሄው ከሮቶው በኋላ ትንሽ የግፊት ፓምፕ መግጠም ነው። በፓምፕ ከዋናው መስመር በቀጥታ መሳብ ግን ቆሻሻ ያመጣል፣ የጎረቤትንም ውሃ ይሻማል። ለጊዜው ከላይ የሚከፈት ማሽን ካላችሁ በባልዲ ሙሉት፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ማጠብ ይጀምራል።

🔹 ውሃ አልወጣ ሲል («ኦ ኢ»)

ሶኬቱን ንቀሉ። ውሃው ሙቅ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ላይ ታች በኩል ትንሽ በር አለች። ዝርግ ሳህን አስቀምጡና ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ሳንቲም፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ... ብዙ ጊዜ ፓምፑን የያዘው ይሄ ነው።

🔹 እየገባ አልሞላ ሲል

የቆየ ቤት ለማሽን የተሰራ ፍሳሽ ስለሌለው ጎማውን መሬት ላይ ወደ ቦይ እንለቀዋለን። ከፊት የሚከፈተው ላይ ግን ጎማው ከከበሮው ዝቅ ካለ የገባው ውሃ በራሱ ይወጣል። ማሽኑ ሲሞላ ይውላል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል። ጎማውን ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጫፉም ውሃ ውስጥ አይነከር።

ባለ ሁለት ገንዳው ተቃራኒ ነው፦ አብዛኛው ማስወጫ ፓምፕ የለውም፣ ጎማው ታች ካልወረደ ውሃው አይወጣም። በባልዲም ስለሚሞላ ግፊት ለሌለው ቤት የሚሻለው እሱ ነው።

⚠️ ማሽኑን ስትነኩ ከነዘራችሁ ምንም አትሞክሩ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ ኧርዙ መታየት አለበት።

ማሽን ሊገዛ ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት።